«ለፍልሰታ እደርሳለሁ?»

የጠየቁት እኔን ነው፤ ሐኪሙን አይደለም። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ ሲጽፍ፣ እማማ እጄን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ለፍልሰታ አገሬ እደርሳለሁ?» አሉኝ። ሰኔ ላይ ነበርን፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 2012። ቦታው ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል ነው፤ እኔም እዚያ የተገኘሁት በአስተርጓሚነት ነው። ሥራዬ አንድ ብቻ ነበር፤ በዚያ ክፍል የተነገረውን ሁሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ማድረስ።

«እግዚአብሔር ያውቃል እማማ» አልኳቸው።

ሐኪሙ ቀና ብሎ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ስለ አገራቸው እያወሩ ነው አልኩት። እሱም ፈገግ ብሎ ወደ ጽሑፉ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተርጉሜያለሁ። ያችን አንዲት ጥያቄ ግን ለሚመለከተው ሰው ሳላደርሳት ቀረች። ዛሬ የምጽፈው ስለእሷ ነው። የእማማን ልጅ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ስማቸውንና ሰው ሊለያቸው የሚችልበትን ነገር ግን ትቻለሁ።

ወደ ክፍሉ ከመግባቴ በፊት ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ጠብቃኝ ነበር። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የሥራ ልብሷን እንኳን አልቀየረችም። «እህቴ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ ያንን ስም እንዳትጠሪባት። ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብኛለች» አለችኝ። ያ ስም ካንሰር ነው። ቆሽታቸው ላይ የጀመረው ጉበታቸው ደርሷል፤ ለእሷ አንድ ቀን ቀድሞ በስልክ ተነግሯታል።

ምን ማድረግ እንደነበረብኝ አውቅ ነበር። በ2004 የወጣው የሕክምና አስተርጓሚዎች ብሔራዊ የሥነ ምግባር ደንብ የሰለጠንኩበት ነው። ወደ ክፍሉ ሳንገባ ለሐኪሙ «ልጅቷ እንዲህ ብላለች» ብዬ መንገር፣ እሱም እማማን «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ እንዲጠይቅ መንገዱን መክፈት ነበረብኝ። ግን በማርያም ተይዣለሁ። ልጅቷም እህቴን ትመስላለች። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝም ስል ግን ነገሩ ውስጥ እስከ አንገቴ ገባሁ።

ሐኪሙ ካንሰሩ መሰራጨቱን፣ መድኃኒት ቢሰጣቸውም ከማድከም በቀር እንደማይጠቅማቸው፣ እሱ የሚመክረው ሆስፒስ፣ ማለትም ለማዳን ሳይሆን ሕመምን አስታግሦ ለማስታመም የሚሰጥ አገልግሎት፣ መሆኑን ተናገረ። እኔ ያልኩት «ሆድዎ ውስጥ እብጠት አለ፤ ከባድ መድኃኒት አይስማማዎትም፤ ሆስፒስ ቢሄዱ ጥሩ ነው» ነው። ሆስፒስ የሚለውን ቃል እንዳለ ነው ያሳለፍኩት። እማማም «ሆስፒስ ምንድን ነው? ሌላ ሆስፒታል ነው?» አሉ። «እንደዚያ ነገር ነው» አልኳቸው። «እንግዲያ እዚሁ ይሻለኛል፤ እነዚህን ለምጃቸዋለሁ» አሉ። ሐኪሙም መዝገቡ ላይ ታካሚዋ ሆስፒስ እንደማይፈልጉ ጻፈ። ምርጫቸው ተብሎ የተመዘገበው ይህ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ትንፋሽ አጠራቸው። ልጃቸው እምቢ ማለት አልቻለችም፤ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ገባ። የንስሐ አባታቸው ቁርባን ይዘው ሲመጡ የሚቀበል አፍ አልነበረም፤ ከአልጋው አጠገብ ጸሎት አድርሰው ተመለሱ። በአራተኛው ቀን አረፉ። እድሩ ተረባርቦ አስክሬኑ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፈረ። እማማ አገራቸው የገቡት ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው።

በአርባቸው ለጸሎት ሄድኩ። ልጃቸው ወደ መኝታ ክፍሉ ጠርታኝ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ከክረምት ካፖርቶቹ ጀርባ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ቆሟል። አወጣችው። የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነው፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ የተሰፋለት። ዘርፉ እንዳይጨማደድ በየመሐሉ የእጅ መሐረብ ተደርጎበታል። የተወለዱባት የመንዝ ማርያም ስለት ነበረባቸው፤ ልጅቷ ወደ አሜሪካ የመጣች ጊዜ የተሳሉት። «መቼ እንደገዛችው እንኳን አላውቅም» አለችኝ። እኔ ግን ለፍልሰታ ለምን እንደቸኮሉ የዚያን ቀን ገባኝ።

መርዶና ኑዛዜ

ልጅቷን አልወቅስም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እዚህ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ሳይነጋ በር ተንኳኩቶበት የማያውቅ አንባቢ ያለኝ አይመስለኝም። እኛ ክፉ ወሬን በጥንቃቄ የምንይዝ ሰዎች ነን፤ ለሰው ልብ ከመራራት የመጣ ጥንቃቄ ነው። ልጅቷ ያደረገችውም ያንኑ ነው።

ነገር ግን ባሰብኩት ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። መርዶ የሚነገረው ለሐዘንተኛ ነው። የሚሞተው ሰው የመርዶ ተቀባይ ሆኖ አያውቅም፤ የእሱ ድርሻ ኑዛዜ ነው። ይህ ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ ለንስሐ አባት የሚነገረው ኃጢአትም ኑዛዜ ነው፣ ስለ ንብረትና ስለ ልጆች የሚነገረው የመጨረሻ ቃልም ኑዛዜ ነው። አያቴ ስትሞት ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ግን ቤቱ ውስጥ የምትናገረው እሷ እንደነበረች ነው። ዕዳዋን ቆጠረች፣ ከጎረቤቷ ጋር ታረቀች፣ የምትገነዝባትን ሴት በስም ጠራች፣ እኛን በየተራ መረቀች። ማንም «ተይ፣ ትድኛለሽ» አላላትም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይህን ያውቃል። የቃል ኑዛዜ የሚባለውን ሲያስቀምጥ፣ መሞቻው መቃረቡ የተሰማው ሰው የመጨረሻ ፈቃዱን ለሁለት ምስክሮች በቃል ይናገራል ይላል። «የተሰማው» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ሁሉ ነገር የሚነሣው ሰውየው ከማወቁ ነው። ያላወቀ ሰው ምን ብሎ ይናዘዛል?

ታዲያ መቼ ነው የሚሞተው ሰው ከራሱ ሞት የተገለለው? አገር ቤትም ሐኪም ቤተሰቡን ወደ ጎን ጠርቶ እንደሚነግር አውቃለሁ። እዚህ ግን የባሰ ምክንያት አለው፤ ቋንቋ። ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እንግሊዝኛ ለሚችለው ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችለው ደግሞ ልጁ ነው። በሠላሳ ዓመቱ፣ ሁለት ሥራ እየሠራ፣ ሳይወድ የቤቱ ሽማግሌ ይሆናል። አባቱን ወይም እናቱን በስልክ ጥሪ መሐል ይወርሳቸዋል፤ ገና በሕይወት ሳሉ። እናትየዋ አገር ሳለች መሬት ስትከራከር፣ ዳኛ ፊት ስትቆም የኖረች ሴት ብትሆንም እዚህ ስለ ገዛ ሆዷ የመጨረሻዋ ሰሚ ትሆናለች።

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ለልቅሶ የሚባል ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሟርት

በ2014 የአስተርጓሚነቱን ሥራ ትቼ የሕሙማንን መብት የሚያስከብር፣ ሰው በሕይወቱ መጨረሻ ላይ የራሱ ውሳኔ እንዲኖረው የሚሟገት በጎ አድራጎት ድርጅት ገባሁ። ለቃለ መጠይቁ ለምን ይህን ሥራ እንደፈለግኩ ሲጠይቁኝ የእማማን ነገር አልተናገርኩም። ስለ ክብር፣ ስለ እኩል አገልግሎት ተናገርኩ፤ እሱም እውነት ነው።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ የናንሲ ክሩዛንን ታሪክ ነው። ሚዙሪ ውስጥ በ1983 በመኪና አደጋ ራሷን ሳተች፤ በምግብ ቱቦ ዓመታት ተኛች። ወላጆቿ ቱቦው ይነሣ ቢሉ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በ1990 ሚዙሪ የሷ ፈቃድ መሆኑን የሚያሳይ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መጠየቅ ትችላለች አለ። በመጨረሻ ጉዳዩን የፈታው ምን መሰላችሁ? የድሮ የሥራ ባልደረቦቿ ወጥተው፣ ጤነኛ ሳለች እንዲህ ሆና መኖር እንደማትፈልግ ስትናገር ሰምተናል ብለው መሰከሩ። ምስክርና ቃል። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ባወጣው ሕግ መሠረት ነው ዛሬ ሆስፒታል ስትገቡ «የቅድሚያ መመሪያ አለዎት?» እየተባላችሁ የምትጠየቁት፤ መናገር ቢያቅተን ምን ሕክምና እንደምንፈልግና ማን እንደሚወስንልን ቀድመን የምናስቀምጥበት ቅጽ ነው፤ እኛም «የለኝም» ብለን የምናልፈው።

የእኔ ድርሻ ይህንን ወደ ሐበሻው ማድረስ ነበር። በራሪ ወረቀት አዘጋጀሁ፤ ርዕሱ «በሕይወት ፍጻሜ ስለሚደረግ ምርጫ»። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቼ ቆምኩ። አንድ ሰው አነበበና «የማን ምርጫ ነው? ኮሮጆው የት ነው?» አለኝ፤ ከልቡ ነው። ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ደግሞ ቅጹን ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው በጣታቸው ጫፍ ይዘው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ሟርት ነው። በሰንበት አታሟርቺብን።» የዚያን ቀን አንድም ሰው አልፈረመም። በቀጣዩም እሑድ አልፈረመም።

«የቅድሚያ የጤና እንክብካቤ መመሪያ» የሚለውን የቢሮ ትርጉም የተውኩት ከስንት ወር በኋላ ነው። አንድ ጠዋት፣ ሳላስበው፣ «የሕክምና ኑዛዜ ነው አባቴ» አልኩ። ሰውዬው ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፉና «ኑዛዜ ከሆነማ ቁጭ ብለን ነው» ብለው ወንበር ሳቡ። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ምስክር ብቻ እንደሚበቃ፣ ውል አዋዋይ ዘንድ መሄድ እንደማያስፈልግ፣ ወኪል ያደረጉት ሰው ራሱ ምስክር መሆን እንደማይችል፣ መጻፍ የማይችል ሰው ደግሞ ሐኪሙና አንድ ምስክር ባሉበት በቃሉ ቢናገር መዝገቡ ላይ ሰፍሮ እንደሚጸናለት ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ይሄ የእኛው ነው፤ ፈረንጅ ከየት አመጣው?» አሉኝ። ከአራት ልጆቻቸው ሁለተኛዋን ወኪል አደረጉ። «ትልቁ ያለቅሳል፤ እሷ ትጨክናለች» ብለው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወኪል ካልተሾመ፣ የትዳር ጓደኛም ከሌለ፣ በሜሪላንድ ሕግ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች ሁሉ እኩል ድምፅ አላቸው። አንዱ እዚህ፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆኖ በቫይበር የሚጣሉበትን ሌሊት አይቻለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል በሽተኛውን ብቻ ይመስለን ነበር፤ ቤተሰብም ይደብቃል።

አናፖሊስ

«ሰው ይሙት የምትሉት እናንተ ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ ግቢው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀርቦልኛል። ሳልሸሽ እመልሳለሁ። ድርጅቴ በሞት አፋፍ ያለ ሰው በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት ራሱ ወስዶ እንዲያርፍ የሚፈቅደውን ሕግ ይደግፋል። ኦሪገን ላይ ሕዝብ በ1994 ድምፅ ሰጥቶበት በ1997 ሥራ ላይ የዋለው ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲም ከ2017 ጀምሮ አለው። ሁለት ሐኪሞች ከስድስት ወር በላይ አይኖርም ሊሉ ይገባል፤ ሰውየው አእምሮው ጤነኛ ሆኖ ራሱ መጠየቅ አለበት፤ ሌላ ሰው ሊጠይቅለት አይችልም።

ሜሪላንድ በ2019 ለዚህ በጣም ቀርባ ነበር። ዋና ከተማዋ አናፖሊስ ላይ፣ በታችኛው ምክር ቤት 74 ለ66 አለፈ። ማርች 27 ቀን በሴኔቱ ድምፅ ሲሰጥ 23 ለ23 ሆነ። 24 ያስፈልግ ነበር፤ 47ኛው ሴናተር ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ፤ ሕጉም ወደቀ። አብራኝ የምትሠራ ሴት፣ ባሏ ጡንቻው አንድ በአንድ ከድቶት ሲሞት ያስታመመች፣ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። አብሬያት አዘንኩ፤ ሐዘኔ ግን የእሷን ያህል አልነበረም፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ያንን መድኃኒት ለራሴ አልጠይቅም፤ ቤተ ክርስቲያኔ የምታስተምረውንም አውቃለሁ። ሆኖም የባልደረባዬን ባል የመጨረሻ ሳምንታት ሰምቼ፣ በሩን በሌላ ሰው ላይ የምዘጋው እኔ ልሁን ማለት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ሕጉን እደግፋለሁ። የሚቃወሙትንም፣ በተለይ የአካል ጉዳተኞችን፣ አከብራለሁ። «ሌላ ሰው በስማችን ይመርጥብናል» የሚለው ፍርሃታቸው ባዶ አይደለም። የካሊፎርኒያው ሕግ አስተርጓሚ ካለ ለብቻው ፈርሞ እንዲያረጋግጥ፣ ዘመድ ወይም ወራሽ እንዳይሆን፣ ቢዋሽ በሐሰት ምስክርነት እንዲጠየቅ ያስገድዳል። ያንን አንቀጽ ያነበብኩ ቀን ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ብዙ ቆየሁ። ሕጉ የፈራው እንደ እኔ ያለውን ሰው ነው። ልክ ነው።

ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም የሐበሻ ቤተሰብ ስለዚያ መድኃኒት ሊጠይቀኝ አልመጣም። የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። ቱቦ አልፈልግም ማለት ራስን መግደል ነው ወይ? ሞርፊን ከጀመረች ቶሎ ትሞታለች ወይ? ሆስፒስ ከፈረምን መመለስ የለም ወይ? ይኼኛውን ደጋግሜ እመልሳለሁ፤ መመለስ አለ። የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ የሚከፍለው ሆስፒስ ስድስት ወር የሚል የሁለት ሐኪም ግምት ይጠይቃል እንጂ ሰውየው ሐሳቡን በለወጠ ቀን ፈርሞ ይወጣል። ሆስፒስ ማለት ደግሞ ማስታመም ነው። ነርሷ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ ሕመሙ ይታገሳል፣ ቄሱም ቡናውም አጠገብ ነው። አዲስ አበባም ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይህንኑ እየሠራ ነው። ለእማማ ማለት የነበረብኝ «ቤትዎ ሆነው ይታመማሉ፣ እኛ እናስታምምዎታለን» ነበር። አምስት ቃል።

የእኛ ሰው ሦስት በር ወደ ኋላ ላይ ነው የቆመው። ማወቅ፣ መጠየቅ፣ መናገር። እነዚህ ሳይከፈቱ ስለ መጨረሻው በር ብቻ አናፖሊስ ሄጄ መከራከሬ ነው ሐዘኔን ያሳነሰው። ይህንን ለአለቆቼ ነግሬ ሥራዬ ተለወጠ፤ አሁን ብዙውን ቀን የማሳልፈው ከእድሮችና ከአስተርጓሚዎች ጋር ነው። ለእድሮቹ አንድ የማነሣው ነገር አለ፦ አስክሬን ለመላክ በአንድ ሌሊት እንዋጣለን፤ ሰውየው በእግሩ መሄድ በሚችልበት ወር ለትኬቱ ለምን አንዋጣም? ሁለት እድሮች እየተወያዩበት ነው። ገንዘቡ አይደለም የሚያስቸግራቸው። ለመዋጣት ሰውየው እንደሚሞት ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ እሱ ነው የከበደው።

ለአስተርጓሚዎቹ ደግሞ የማሠለጥናቸው አንዲት ጥያቄ ናት፦ «ስለ ሕመምዎ ሁሉን መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለሌላ ሰው ይነገር?» ባለፈው መስቀል ሰሞን አንድ አባት ይህን ተጠይቀው «ለልጄ ንገሩት፤ እኔ ጸሎቴን ላድርስ» አሉ። ልጁ ወጥቶ ሰማ። እሳቸው አላወቁም፤ አለማወቃቸው ግን የራሳቸው ነው። ከእማማ ጋር ያለው ልዩነት ይኼ ነው፤ ተጠይቀዋል።

ጃንጥላው

የእማማ ልጅ በዓመቱ ጃንጥላውን ይዛ መንዝ ሄደች። የፍልሰታ ሱባኤ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ለማርያም አስገባችው። ፎቶ ልካልኝ ነበር፤ ዲያቆኑ ዘርግቶት፣ ዘርፉ በነፋስ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አልተናገርኩም። ምስጢር መጠበቅ የሙያዬ ግዴታ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ፤ ፍርሃትም ነበረበት። ተቀራርበን ቀረን፤ ልጆቿ አክስት ይሉኛል። ዓመት ባለፈ ቁጥር ነገሩ እየከበደ ሄደ፤ ባለፈው ጥር ግን ቤቷ ቡና እያፈላች ሳለ ተነፈስኩ። እናቷ እጄን እንደያዙኝ፣ ምን እንዳሉኝ፣ ለሐኪሙ ምን እንዳልኩት፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

ጀበናውን ከምድጃው አወረደችና ማቶቱ ላይ አስቀመጠችው። ብዙ ጊዜ ዝም አለች።

«እኔንም ጠይቃኛለች» አለችኝ። «እንዴታ፣ ትደርሻለሽ አልኳት።»